ከሲያትል እስከ ቨርጂኒያ፣ ሽንኩርቱን እየተከተልኩ

በርገር ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ሽንኩርቱን ምን እንዳደረጉት ነው። ሥጋው የትም ቢሄዱ የበሬ ሥጋ ነው፣ ዳቦውም ብዙ አይራራቅም። ሽንኩርቱ ላይ ግን ቤት ከቤት ይለያል፤ ጥሬውን የሚከትፍ አለ፣ ምጣድ ላይ የሚያቁላላ አለ፣ በእንፋሎቱ ሥጋ የሚያበስል አለ፣ ጭራሹን የማያስገባም አለ። ሐምሌ ላይ መኪናዬን ከሲያትል ወደ ቨርጂኒያ ስነዳ በየደረስኩበት የዚያን አካባቢ በርገር ለመብላት ወስኜ ተነሳሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሲያትል ለሚኖር ሰው ስለ ዲክስ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ግን የቤቱን ሕግ ማወቅ ይጠቅመዋል። በ1954 ዎሊንግፎርድ ሰፈር የተከፈተው ዲክስ ትዕዛዝ አይቀይርም፤ «ይሄን ቀንሱልኝ፣ ያንን ጨምሩልኝ» የለም። ዴሉክስ ካላችሁ ሁለት ስስ ሥጋ፣ ቺዝ፣ ሰላጣ፣ ማዮኔዝና ደቀቅ ብሎ የተከተፈ የኮመጠጠ ኪያር ነው፤ ሽንኩርት የለበትም። ካቻፑም በሳንቲም ይሸጣል። ንፍገት የሚመስለው ሰው አለ፤ እኔ ግን ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚሁ ስለሆነ አልከፋም። ሁሉም በርገር አንድ ዓይነት ከሆነ እየተሠራ ይጠብቃል፣ ያ ሁሉ ሰልፍ በደቂቃ ይጠራል። ቁጭ ብሎ መብላት የሚፈልግ ኩዊን አን ወዳለው ይሂድ፤ በአብዛኞቹ ቅርንጫፎች መኪና ውስጥ ወይም ቆሞ ነው የሚበላው።

ፖርትላንድ አካባቢ በርገርቪል አለ፤ በ1961 ከኮሎምቢያ ወንዝ ማዶ፣ ቫንኩቨር ዋሽንግተን የጀመረ ነው። በርገሩ ደህና ነው፣ ቺዙ የኦሪገኑ ቲላሙክ ነው። እኔ የቆምኩት ግን በዚህ ወቅት ብቻ ለሚቀርበው የዋላ ዋላ ሽንኩርት ቀለበት ነው። ይህ ሽንኩርት የሚያስለቅሰው ንጥረ ነገር ስለሚያንሰው ጥሬውን ቢነክሱት እንኳ አያቃጥልም፤ በዚያ ላይ ውሃው ብዙ ነው። ችግሩም ከውሃው ይመጣል፤ ከዘይት ከወጣ በኋላ ውስጡ ያለው እንፋሎት ሊጡን ያረጥበዋል፣ ስትነክሱት ሽንኩርቱ ብቻውን ተስቦ ይወጣና ቅርፊቱ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በርገሩን አስቀምጡና ቀለበቱን አስቀድሙ። አምስት ደቂቃ ከቆየ አልፎበታል።

ኦሪገንን በአንድ ትንፋሽ ጨርሼ ካሊፎርኒያ፣ ሬዲንግ ደረስኩ። እዚህ ኢን ኤንድ አውት አለ፤ ባርስቶው ላይም ስለደገምኩት ሁለቱን አንድ ላይ እጽፋለሁ። በ1948 ቦልድዊን ፓርክ ላይ የጀመረ፣ ፍሪዘርም ማይክሮዌቭም የማይጠቀም ቤት ነው። ትኩስ ሥጋ ከማከፋፈያው በመኪና ከሚደረስበት ርቀት አልፎ ስለማይከፍት ምሥራቁ ለረጅም ጊዜ ሳያየው ቆይቷል። ግድግዳው ላይ የተጻፈው ምናሌ አጭር ነው፤ ልዩነቱ ያለው ግን ባልተጻፈው ውስጥ ነው። ሽንኩርቱን ብቻ በብዙ መንገድ ማዘዝ ይቻላል፦ ጥሬ ክብ ቁራጭ፣ ጥሬ ክትፍ፣ ተከትፎ የተቁላላ፣ ወይም ክቡ ሳይፈርስ ምጣድ ላይ የተጠበሰ። የመጨረሻውን «ሆል ግሪልድ» ብላችሁ እዘዙ። ተከትፎ የተቁላላው ይጣፍጣል፣ ግን ስፕሬድ ከሚሉት የቤቱ ማባያ ጋር ይዋሃድና ይጠፋል። ክቡ ግን ጠርዙ ጠቆር ብሎ መሐሉ ገና ፈርጠም ያለ ስለሆነ ከሥጋው ጋር አብሮ ይታኘካል።

«አኒማል ስታይል» ሲባል ብዙ ሰው ስፕሬድና የተቁላላ ሽንኩርት ብቻ ይመስለዋል። ዋናው ነገር ሰናፍጩ ነው። ሥጋው ምጣድ ላይ እያለ ገና ጥሬ በሆነው ፊቱ ላይ ሰናፍጭ ይቀባና ይገለበጣል፤ ሰናፍጩ ከምጣዱ ጋር ሲገናኝ ይንጫጫል፣ ኮምጣጤው ይበንናል፣ የቀረው ከሥጋው ስብ ጋር ተጣብቆ ቡናማ ይሆናል። የአሜሪካ ሰናፍጭ ለስላሳ ነው፤ እንደ እኛው አፍንጫ ሰርስሮ አይገባም፣ ለዚህ ሥራ ግን የተፈጠረ ይመስላል። ስፕሬድ የማይወድ ሰው «ሰናፍጩን ጥበሱበት፣ ስፕሬዱን ተዉት» ማለት ይችላል። በዚያ ላይ «ቾፕድ ቺሊስ» ካላችሁ የኮመጠጠ ቢጫ ቃሪያ ከትፈው ያስገቡላችኋል። የእኔ ትዕዛዝ እንግዲህ ይህ ነው፦ ደብል ደብል (ሁለት ሥጋ፣ ሁለት ቺዝ)፣ ሰናፍጭ የተጠበሰበት፣ ሆል ግሪልድ ሽንኩርት፣ ቾፕድ ቺሊስ። ከድንችና ከመጠጥ ጋር 12 ዶላር አካባቢ ወጣብኝ።

ድንቹን በተመለከተ ወቀሳው እውነት አለው። እዚያው ፊታችሁ ከድንች ይቆረጣል፣ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጠበሰው። ቅርፊቱ ስስ ስለሆነ ውስጡ ያለው ውሃ ቶሎ ያርሰውና ይልፈሰፈሳል። «ዌል ደን» (በደንብ የተጠበሰ) ብላችሁ እዘዙ፤ ትንሽ ትጠብቃላችሁ፣ ግን መንገድ ላይ አይሞትባችሁም። ሌላም ለእኛ የሚጠቅም ነገር አለ፤ ምናሌው ላይ የአሳማ ሥጋ የለም፣ ስለዚህ ቤከን የተጠበሰበት ምጣድ ነው ወይ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ሐላል ነው ማለት ግን አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከጧቱ 4 ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ክፍት ነው፤ ቁርስ የለም።

ከባርስቶው አይ-40 አውራ ጎዳና ይጀምራል። አሪዞና ላይ ነዳጅ ማደያ አጠገብ ያለች አንዲት በርገር ቤት ሽንኩርቱን ጥበሱልኝ ስላልኩ 2 ዶላር ተኩል፣ ሰናፍጭ ስላልኩ ደግሞ 1 ዶላር ጨመረችብኝ፤ ያየሁት ደረሰኙን መኪና ውስጥ ስዘረጋ ነው። ስክሪን ላይ በምታዙበት ቦታ ከመክፈላችሁ በፊት ዝርዝሩን አንድ በአንድ አንብቡ። ሰዓታችሁንም አስተካክሉ። አሪዞና በዚህ ወቅት ከካሊፎርኒያ ጋር እኩል ነው፤ ኒው ሜክሲኮ ስትገቡ ግን አንድ ሰዓት ይጎድልባችኋል፣ ለእራት የያዛችሁት ቤት በር ላይ ስትደርሱ ወለሉን ሲወለውሉ ታገኟቸዋላችሁ።

ጋለፕ ላይ ብሌክስ ሎታበርገር ገባሁ። በ1952 አልበከርኪ ላይ የተጀመረ ነው። የሚታዘዘው አንድ ነገር ነው፦ ሎታበርገር፣ ከሃች አረንጓዴ ቃሪያና ከቺዝ ጋር። ሃች በደቡብ ኒው ሜክሲኮ ያለች ትንሽ መንደር ስትሆን ቃሪያው ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። ቃሪያው በእሳት ተለብልቦ፣ ቆዳው ተልጦ፣ ተከትፎ ሥጋው ላይ ይደረጋል። መኪናውን ከማቆሜ የመጣብኝ ሽታ ከሰል ላይ ቃሪያ ሲለበለብ የሚሸተው ነው፤ ያን ሽታ ከሀገር ቤት ከወጣሁ በሌላ ሰው ማዕድ ቤት አላገኘሁትም ነበር። ሽንኩርቱ እዚህ ጥሬ ነው፤ ትክክልም ነው፣ ምክንያቱም ቃሪያው ራሱ ልስልስና የበሰለ ስለሆነ አጠገቡ የሚንኮሻኮሽ ነገር ይፈልጋል።

ማቃጠሉ ግን ከቀን ቀን ይለያያል። አንዱ ተክል ከሌላው፣ ውሃ የጠማው ማሳ ከጠገበው ስለሚለይ፣ ባለፈው ዓመት ለስላሳ የነበረው ዘንድሮ ላብ ሊያስወጣ ይችላል። የምታስተናግደው ሴትዮ እያመነታሁ መሆኔን አይታ በትንሽ ኩባያ ቃሪያ ብቻውን ቀዳችልኝና «መጀመሪያ ቅመሰው፣ ልጄ» አለችኝ። ቀመስኩት። ሚጥሚጣ ምላስን ወዲያው ይይዛል፤ ይህኛው ቆይቶ ከጉሮሮ ነው የሚነሳው። ቺዙን አትተዉት፤ ለጣዕሙ ብቻ ሳይሆን ክትፉን አጣብቆ ስለሚይዘው ነው። ያለ ቺዝ ቃሪያው እየተንሸራተተ ጭናችሁ ላይ ይወድቃል። ይዛችሁም አትሂዱ፤ ውሃው በአሥር ደቂቃ የታችኛውን ዳቦ ይበላዋል። ከጉዞው ሁሉ አንድ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

አማሪሎ ያደርኩበት ሞቴል ኤሲው ሌሊቱን ሙሉ እንደ ወፍጮ ሲያጓራ አደረ። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር ቀኑን በጾም ነው የዋልኩት። ሐሙስ ከገባ በኋላ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተነስቼ ሃያ አራት ሰዓት ወደሚሠራው ዋታበርገር ሄድኩ። በ1950 ኮርፐስ ክሪስቲ ላይ የተጀመረ፣ ብርቱካንማና ነጭ የተዥጎረጎረ ጣሪያው ከሩቅ የሚታይ የቴክሳስ ቤት ነው። ዳቦው አምስት ኢንች ስፋት አለው፣ ሥጋው ሩብ ፓውንድ ነው፤ በሁለት እጅ ካልሆነ አይያዝም። ሳይጠየቅ የሚቀባው ሰናፍጭ ነው፣ ማዮኔዝ የሚፈልግ መናገር አለበት። ሽንኩርቱ ደቅቆ የተከተፈ ጥሬ ነው። ለዚህ ሰፊ ዳቦ ይስማማዋል፤ ክብ ቁራጭ ቢሆን መሐሉ ላይ ይከማች ነበር፣ ክትፉ ግን እስከ ዳር ይዳረሳል። እኔ ሽንኩርቱን ጥበሱልኝ ብዬ ሃላፒኞ የሚባለውን ቃሪያ አስጨመርኩ፤ ከመጣ በኋላ ጥሬው ይሻል እንደነበር ገባኝ። ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጧቱ 5 ሰዓት የቁርስ ምግብም አለ፣ ማርና ቅቤ የተቀባ ዶሮ እዚህ «ብስኩት» በሚሉት ለስላሳ ዳቦ። የትዕዛዝ ቁጥሩን ጠረጴዛችሁ ላይ አቁማችሁ ብትቀመጡ ያመጡላችኋል። ያን ሌሊት የአልጋዬን ድካም የረሳሁት እዚያ ነው።

ኦክላሆማ ላይ ብራምስ አለ። ወተቱም አይስክሬሙም ተትል ካለው ከራሱ እርሻ ስለሚመጣ ከዚያ ከ300 ማይል ብዙ አልፎ አይከፍትም። በርገሩን ዝለሉት፣ አይስክሬሙን ብሉ።

ዓርብ አርካንሳስን ያለፍኩት በድንች ብቻ ነው። ለሚጾም ሰው ግን «ድንች ነው» ብሎ መዝጋት አይበቃም። የማክዶናልድስ ድንች አሜሪካ ውስጥ የበሬ ጣዕምና የወተት ተዋጽኦ አለበት። ስቴክ ኤን ሼክ ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ የሚጠብሰው በበሬ ሞራ ነው። ኢን ኤንድ አውት በሱፍ ዘይት፣ ፋይቭ ጋይስ በኦቾሎኒ ዘይት ይጠብሳሉ፤ ሁለቱም ቤት ዶሮ ስለማይሸጡ መጥበሻው ውስጥ ከድንች ሌላ አይገባም። በሌላ ቦታ ጥያቄው ሁለት ነው፦ ዘይቱ ምንድን ነው? ዶሮስ እዚያው ይጠበሳል?

ናሽቪል ላይ ሁለት ተፎካካሪዎች በአንድ ከተማ ይገኛሉ፤ በ1921 ዊቺታ፣ ካንሳስ ላይ በ5 ሳንቲም የጀመረው ዋይት ካስልና በ1932 ቻተኑጋ ላይ የተከፈተው ክሪስታል። ሁለቱም የሚሸጡት መዳፍ የማይሞላ አራት ማዕዘን በርገር ነው፤ አራት ያዙ፣ ያነሰ አያጠግብም። ክሪስታል ሰናፍጩን አስቀድሞ ያስገባል፣ ጣዕሙ ወደ ኮምጣጣነት ያዘነብላል። ዋይት ካስል ጋ ግን ለአንድ ሐበሻ የሚታይ ነገር አለ። ደርቆ የነበረ ደቃቅ ሽንኩርት በውሃ ርሶ ምጣዱ ላይ ይነጠፋል። አምስት ቀዳዳ ያለው ስስ ሥጋ በላዩ ይደረደራል፣ ዳቦው ደግሞ ከሥጋው በላይ ይቀመጣል። ሥጋው አይገለበጥም። ከሽንኩርቱ የሚነሳው እንፋሎት በቀዳዳዎቹ እያለፈ ሥጋውን ያበስላል፣ ዳቦውን ያለሰልሳል። ቁሌት ስንጀምር ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ በሚል ውሃ ብቻ እንደምናበስለው ያለ ነው፤ ሽታውም የዚያው ዘመድ ነው። «የላብ ሽታ አለው» እያለ የሚንቀው ሰው ብዙ ነው። ሽንኩርት ሲበስል ማሽተት የለመደ ሰው አይንቀውም። የሚበላው ግን ወዲያው ነው፤ በእንፋሎት የለሰለሰ ዳቦ ሲቀዘቅዝ ሙጫ ይሆናል።

አይ-81ን ይዤ ወደ ሰሜን ስወጣ ሮአኖክ ላይ ኩክ አውት አገኘሁ፤ በ1989 ግሪንስቦሮ፣ ሰሜን ካሮላይና የጀመረ ነው። «ትሬይ» ስታዙ አንድ በርገር፣ ሁለት ተጨማሪና መጠጥ ይመጣል፤ ተጨማሪው ድንች ብቻ ሳይሆን የዶሮ ቁርጥራጭም ሊሆን ይችላል፣ ከገንዘቡ አንጻር የሚወዳደረው አላየሁም። ቺሊ ወጥ፣ ጎመን ሰላጣ፣ ሰናፍጭና ሽንኩርት ያለበትን እዘዙ። ሚልክሼኩ ከ40 በላይ ዓይነት አለው፤ በዚህ ወቅት የሐብሐቡን ያዙ፣ በማንኪያ ነው የሚበላው።

የመጨረሻው አርሊንግተን ነበር፤ ፋይቭ ጋይስ በ1986 የተጀመረባት ከተማ። አሁን ዓለምን አዳርሷል፣ ዋጋውም አብሮ ወጥቷል፤ በርገር፣ ድንችና መጠጥ ከ20 ዶላር አለፈብኝ። «ሀምበርገር» ብቻ ካላችሁ ሁለት ሥጋ ነው፤ አንድ የሚበቃው «ሊትል» ይበል። ትንሹ ድንች ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ምክንያቱም ኩባያው ከሞላ በኋላ አንድ ጭልፋ ከረጢቱ ውስጥ ይደፉበታል። ድንቹ መጀመሪያ በከፊል ተጠብሶ፣ አርፎ፣ ሲታዘዝ ድጋሚ ስለሚጠበስ ከኢን ኤንድ አውት በብዙ ይበልጣል። የከረጢቱን አፍ ክፍት አድርጉት እንጂ አታጥፉት፤ እንፋሎቱ ድካማቸውን ከንቱ ያደርገዋል። ከቺዝና ከቤከን በቀር የሚጨመረው ሁሉ በነፃ ነው። የተጠበሰ ሽንኩርትና ሃላፒኞ አስደረግሁበት። ጥሩ ነው፣ ግን ሃላፒኞው ከሃች ቃሪያ ጋር አይወዳደርም። የሚቀጥለውን ዓመት ጉዞ ወደ ነሐሴ መጨረሻ ገፍቼዋለሁ፤ ያኔ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አዲሱ ቃሪያ በየመንገዱ ዳር በሚሽከረከር የሽቦ በርሜል እሳት ላይ ይጠበሳል፣ በከረጢትም ይሸጣል።