የሳሙናው ካርቶንና የጓሮው ገንዳ

ትናንት ማታ ልጄ ደብተሯን ታቅፋ ሱቅ ድረስ መጣች። አምስተኛ ክፍል ናት።

"እማዬ፣ የሳጥን ይዘት እንዴት ነው የሚገኘው?"

"ርዝመት ሲባዛ በወርድ ሲባዛ በቁመት" አልኳት። እኔም ሰሌዳ ላይ ተጽፎልኝ በቃሌ የያዝኩት እሱን ነው።

"እሱማ ተጽፏል። ለምንድን ነው የሚባዛው?"

ዝም አልኩ። ደግነቱ ዘይት የሚገዛ ሰው መጣና ገላገለኝ። ሸኝቼው ስዞር ግን እዚያው ቆማለች።

መደርደሪያው ሥር ያልተከፈተ የሳሙና ካርቶን ነበር። ከፈትነው። የላይኛው ድርድር በርዝመቱ 6፣ በወርዱ 4 ሳሙና ይዟል። አንድ በአንድ ልትቆጥር ጣቷን ስትሰነዝር "ተይ፣ አባዢው" አልኳት። 24። አንዱን ጥግ አንስተን ወደ ታች አየን፤ ድርድሩ 3 ነው። "ሰባ ሁለት!" ብላ ጮኸች። ካርቶኑ ጎን ላይ 72 ተብሎ መጻፉን ስታይ ደግሞ ሳቋ አላባራ አለ።

አንድ ነገር ግን አስቸገረን። ደብተሯ አንዱ ጋ "ወርድ"፣ ሌላው ጋ "ስፋት" ይላል። በእኛ አፍ ስፋት ሁለቱንም ነው። ቦታ ሲሸጥ ስፋቱ 200 ካሬ እንላለን፣ የጠረጴዛንም አጭሩን ጎን ስፋት እንላለን። ልጅቷም 24ን "ስፋት" ብላ በርዝመቱ ድጋሚ ልታባዛው ስትል ደረስኩባት። አልፈረድኩባትም።

ይዘት የሚለው ቃል ግን ግልጽ ነው። ምን ያህል ይይዛል፣ በቃ። ይሄን እያስረዳኋት ሳለ ጓሮ ያለው ገንዳዬ ትዝ አለኝና አፌ ተያዘ።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ አምና በብሎኬት ገንዳ አሠርቼ ነበር። ያን ጊዜ በሜትር ለካሁት፦ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1.5፣ ቁመቱ 1.2። ሳባዛው 3.6 ሜትር ኩብ። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነውና 3,600 ሊትር፤ በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 180። ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ሞልቼ ስቀዳው ግን መቶ ምናምኑ ጀሪካን ላይ ወለሉ ታየኝ። ያፈሳል ብዬ ግንበኛውን ጠራሁት። አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩት። ሰውዬው ምንም ሳይመልስ ሄደ።

ለልጄ ነገርኳት።

"ከውስጥ ነው ከውጭ የለካሽው?"

ሱቁን ዘግተን በስልክ መብራት ጓሮ ወጣን። ሜትሩን እሷ ያዘች። ግድግዳው በየጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው፣ ወለሉም እንደዚያው። ስለዚህ ውስጡ በርዝመት 1.7፣ በወርድ 1.2፣ በቁመት 1.05 ሜትር ብቻ ነው። ደብተሯ ጀርባ ላይ አባዛችው፦ 2.142 ሜትር ኩብ። 107 ጀሪካን። የቀረውን 1,458 ሊትር ያህል ቦታ የያዘው ብሎኬቱና ሲሚንቶው ነው። ግማሽ ሊደርስ ምን ቀረው!

ያፈሰሰ ነገር አልነበረም።

የግንበኛው ስልክ ቁጥር አሁንም አለኝ። ዛሬ ጠዋት ሁለቴ አወጣሁት፣ ሁለቴም መልሼ አስቀመጥኩት።