ለሯጮቹ የሚጻፍ እንግሊዝኛ
ማክሰኞ ማታ፣ ሱሉልታ

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ፈረንጅ ሯጮች አየሩን ፈልገው ይመጣሉ። ቀነኒሳ በቀለ ያስገነባው መምም እዚሁ ነው። ተማሪዎቼ ጠዋት በሜዳው ዳር ሲያልፉ ያገኟቸዋል፤ "ሃው አር ዩ" ብለው ይስቁና በዚያው ያበቃል። የዘንድሮው ፕሮጀክት የመጣልኝ ከዚያ ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ለአዲስ መጪ ሯጭ የሚሆን መመሪያ በእንግሊዝኛ ያዘጋጃሉ፤ የት ይሮጣል፣ ውኃ ከየት ይገዛል፣ የአዲስ አበባ ታክሲ የት ይያዛል።

ዘዴው የቆየ ነው። የአሜሪካዊው የትምህርት ፈላስፋ የጆን ዲዊ ተማሪ የነበረው ዊልያም ኪልፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1918 ስለ ፕሮጀክት ዘዴ ጽፎበታል። እኛ ዘንድ ግን ፕሮጀክት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው አንድ ለአምስት ነው፤ አንዷ ትሠራለች፣ የሌሎቹ ስም ከታች ይሰለፋል። ስለዚህ ግሩፑ እንዳለ ሆኖ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ገጽ እንዲይዝ አደረግሁ። መጉረምረማቸው አልቀረም።

በልጆቹ አልፈርድም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ይማራሉ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግን ምርጫ ነው፣ የእንግሊዝኛውም ጭምር። አንድ አንቀጽ ሳይጽፉ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይቻላል። ታዲያ ምን አለፋቸው? ስለ እረፍት ጊዜያችሁ ጻፉ ስላቸው ከስልክ ገልብጠው ያመጡልኛል። የወፍጮ ቤቱን ውሻ ግን ስልኩ አያውቀውም።

ይህ ውሻ ያለበትን መንገድ የሚያስረዳውን ገጽ የያዘችው ልጅ መጀመሪያ የጻፈችው መንገዱ ጥሩ እንደሆነ፣ ውሻ እንዳለና መጠንቀቅ እንደሚገባ ብቻ ነበር። ረቂቁን የሌላ ሴክሽን ልጅ እንደ ፈረንጅ ሆኖ እንዲያነበው ሰጠነው።

"ተጠንቀቅ ስትይኝ ምን ላድርግ?" አላት።

"እንዳትሮጥ! ጎንበስ በል።"

"ለምን?"

"ድንጋይ የምታነሳ እንዲመስለው ነዋ!"

"ታዲያ እሱን የት ጻፍሽው?"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሷ አኩርፋ ወረቀቷን ነጠቀችው። በማግስቱ ይዛው የመጣችው ገጽ ውሻው ከየትኛው አጥር እንደሚወጣ፣ መጀመሪያ ምን እንደሚደረግ፣ ካልሸሸ ደግሞ ማንን መጥራት እንደሚሻል በተራ በተራ ያስረዳል። ኮንዲሽናል ሰሌዳ ላይ ሳስተምር ስታዛጋ የነበረች ልጅ ናት፤ አሁን ግማሹ ገጿ በ"ኢፍ" የሚጀምር ነው።

ስፔሊንጋቸው እንዳለ ነው። የኃላፊ ጊዜ ግሥም እንዳሻው ይፈነጫል፤ እሱን ፕሮጀክት አያድነውም፣ ለብቻው ልምምድ ይፈልጋል። እኔን ያስደሰተኝ ጻፉ ሳልላቸው ረቂቃቸውን ደግመው መጻፋቸው ነው፤ በዚህ ሥራ እስካሁን ብዙም ያላየሁት ነገር።

ዛሬ ደግሞ በባጃጅ ታሪፍ ተጣሉ። የትራንስፖርቱን ገጽ የያዘው ልጅ እኛው የምንከፍለውን ዋጋ ቁልጭ አድርጎ አስፍሯል። ወንድሙ ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛው "የሰው እንጀራ አትዝጋ" ብሎ ተቆጣ። "እንግዳ ተበልቶ ሲሄድ የምንሰደበው እኛ ነን" አለች አንዷ ከኋላ። በአማርኛ ሲጯጯሁ ደወሉ ተደወለ። ለሐሙስ ሁለቱም ወገን አቋሙን በእንግሊዝኛ በአንድ አንቀጽ ጽፎ እንዲመጣ፣ ክፍሉን ያሳመነው ሐሳብ መመሪያው ላይ እንደሚወጣ ነገርኳቸው።

ስወጣ ባለወንድሙ ተከተለኝ። "ቲቸር፣ ወንድሜ የነዳጁንና የመለዋወጫውን ወጪ ቢነግረኝ መጻፍ ይቻላል?"

"ይቻላል" አልኩት።