ቦታ ያጠራት ቃል

ዛሬ ከእንቅልፌ የተነሳሁት አኩርፌ ነው። ማንን እንዳኮረፍኩ አላውቅም። ሰማዩ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ተደፍቶብናል፣ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም፣ ሦስት ሰው ደውሎልኝ ሦስቱንም አላነሳሁም። ከሦስቱ አንዱ ጋሼ ናቸው። የእርሳቸውን ስልክ ያላነሳሁበት ምክንያት ግን አለኝ፤ ባለፈው እሁድ ቡና ላይ የተናገሩኝ ነገር እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል።

ብርድ ልብስ ፍለጋ ምድር ቤት ወረድኩ። ከትንሿ መስኮት ነፋስ እንዳይገባ የደገፍኩት ካርቶን አለ፤ ስንት ዓመት እዚያ እንደቆመ ረስቼዋለሁ። በክንዴ ነካሁትና ወደቀ፣ ሲወድቅም ተገለበጠ። የ2003 ሰልፌ! (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ የለመደብኝ ክፉ አመል ነው።)

ጃንዩዋሪ 18 ቀን፣ ዋሽንግተን። እንደዚያ ቀን በርዶኝ አያውቅም። ጣቶቼ ካርቶኑን ይያዙት አይያዙት አይሰማኝም ነበር። ኢራቅ ገና አልተወረረችም፤ ፈቃዱ ግን ከሦስት ወር በፊት በተወካዮች ምክር ቤት 296 ለ133፣ በሴኔቱ 77 ለ23 ተሰጥቶ አልቋል። እኛ ያለቀ ነገር ላይ ነበር የምንጮኸው። ቢሆንም ወደ ቤት ስመለስ ደረቴ ተነፍቶ እንደነበር አስታውሳለሁ። ለአገሩ እንግዳ ነበርኩ፤ ፕሬዚዳንትን በአደባባይ ተሳድቦ በባቡር ወደ ቤት መመለስ ለእኔ ታላቅ ነገር ነበር።

ካርቶኑን ወደ መብራቱ አስጠግቼ አየሁት። የቡሽን ስም በወፍራም ጥቁር ቀለም ከዳር እስከ ዳር ጽፌዋለሁ። "ጦርነት አንፈልግም" የሚለው ቦታ አጥሮት ታች ጥግ ላይ በጉንዳን ፊደል ተጨፍልቋል። ከሩቅ የሚነበበው ስሙ ብቻ ነው።

ጋሼ ይህን ካርቶን አይተውት አያውቁም። ቢያዩት ኖሮ ባለፈው እሁድ ያን ያህል ባልደከሙ ነበር። ስለ 1973ቱ የጦርነት ሥልጣን ሕግ እያስተማርኳቸው ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ ጦር ባዘመተ በ48 ሰዓት ውስጥ ለምክር ቤቱ ማሳወቅ እንዳለበት፣ ፈቃድ ካላገኘ በ60 ቀን ማቆም እንዳለበት፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን አልፈርምም ብሎ ሊሽረው ሞክሮ ምክር ቤቱ ከእርሱ በላይ እንዳጸደቀው። እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ ያወቅሁት በጁን 2025 የኢራን የኒውክሌር ጣቢያዎች፣ ፎርዶ፣ ናታንዝና ኢስፋሃን፣ በአሜሪካ በተደበደቡ ሌሊት ነው። ሲነጋ የሕገ መንግሥት ሊቅ ሆኜ ተነሳሁ። ጋሼ ሲኒያቸውን ሳያስቀምጡ፦

"ልጄ፣ በሊቢያ ጊዜ ስልሳው ቀን ሲያልቅ የት ነበርሽ?" አሉኝ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ "አንቺ ጦርነት አትጠዪም። የምትጠዪው አዛዡን ነው።"

እርሳቸው ደግሞ ሲናገሩ! የጋሼን ታሪክ ቤተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ከደርግ ሸሽተው ካርቱም የኖሩ ሰው ናቸው። ኦገስት 20 ቀን 1998 ማታ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር አቅራቢያ ቤታቸው ቁጭ ብለው መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። አል ሺፋ የተባለው የመድኃኒት ፋብሪካ በአሜሪካ ሚሳኤል ሲፈርስ ነበር። "ሺፋ" ፈውስ ማለት ነው። ናይሮቢና ዳሬ ሰላም ያሉት ኤምባሲዎች ከተመቱ 13 ቀን ሆኗል፤ 224 ሰው ሞቷል። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ከዚያች ወጣት የዋይት ሐውስ ሠራተኛ ጋር ስለነበረው ግንኙነት በቴሌቪዥን ከተናዘዘ ደግሞ ሦስት ቀን። ፋብሪካው የመርዝ ጋዝ ቅመም ይሠራል ተባለ፤ ማስረጃው ከአካባቢው የተዘገነ አፈር ነበር፣ እያደርም እየሳሳ ሄደ። ከሌላው ፓርቲ፣ ከሪፐብሊካኖቹ፣ አንዳንድ ሴናተሮች "ቅሌቱን ለመሸፈን ይሆን?" ብለው ጠየቁ። ጋሼ ይህን ጥያቄ እንደ ወንጌል ያዙት። ይገዙት የነበረው የወባ ኪኒን ከዚያ ፋብሪካ እንደሚመጣ ይምላሉ። አሜሪካ ገብተው ዜግነት ሲያገኙ፣ "ኪኒኔን ያቃጠለብኝን ፓርቲ አልመርጥም" ብለው በማግስቱ ከሌላኛው ተመዘገቡ።

እስከዚህ ድረስ አልፈርድባቸውም። የሚያናድደኝ የሶርያው ነው። በ2013 ኦባማ በመርዝ ጋዙ ምክንያት ሶርያን ሊመታ ፈልጎ ምክር ቤቱን ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ጋሼ "የሶርያ ነገር እኛን ምን አገባን!" ሲሉ ከረሙ። ትራምፕ ራሱ ያኔ "አትግባ" እያለ ይጽፍ ነበር። በኤፕሪል 2017 ያው ትራምፕ ማንንም ሳይጠይቅ 59 ቶማሃውክ ሚሳኤል ሻይራት የአየር ሰፈር ላይ አወረደ። ስልኬ ጮኸ። "አየሽ መሪ ማለት!"

"ምክር ቤቱ ፈቀደ ወይ ጋሼ?"

"ለመርዝ ጋዝ ደግሞ ምን ፈቃድ ያሻዋል?"

አገሩ ያው፣ ገዢው ያው አሳድ፣ ጋዙም ያው ጋዝ። እርሳቸው ብቻ አይደሉም። ዋሽንግተን ፖስትና ኤቢሲ ባስጠኑት የሕዝብ አስተያየት፣ ሶርያን መምታት የደገፉት ሪፐብሊካኖች በ2013 ከመቶ 22 ነበሩ፤ በ2017 ከመቶ 86 ሆኑ። ዴሞክራቶቹ 38 ነበሩ፣ 37 ሆኑ። ይህን ቁጥር እንደ ዳዊት ነው የምደግመው። ስንት ቡና ላይ ጋሼን በእርሱ አፍ እንዳስያዝኳቸው! የእኛ ሰዎች ፈቀቅ አላሉም፣ እንዲህ ነን እኛ፣ እያልኩ።

ታዲያ ሊቢያ።

በ2008 የምርጫው ማታ ዩ ስትሪት ላይ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተቃቅፌ አልቅሻለሁ። የኦባማን ፎቶግራፍ ፍሬም አስገብቼ ሳሎን ከማርያም ሥዕል ትይዩ ሰቀልኩት (እናቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ዝም ብላ አየችውና ወደ ኮሪደሩ አዛወረችው)። ይኸው ሰው በ2007 ዕጩ ሳለ፣ አገሪቱ ካልተጠቃች ወይም ጥቃቱ ደጃፍ ላይ ካልደረሰ በቀር ፕሬዚዳንት በራሱ ሥልጣን ጥቃት ማዘዝ አይችልም ብሎ ነበር። በማርች 2011 ሊቢያን መደብደብ ሲጀመር ምክር ቤቱ አልፈቀደም። ስልሳው ቀን ሜይ ላይ አለቀ። ዋይት ሐውስ ያመጣው መልስ፣ እግረኛ ጦር ስላልገባና የተኩስ ልውውጥም ስለሌለ ይህ ሕጉ የሚለው ዓይነት ውጊያ አይደለም የሚል ነበር። ቦምቡ ይወድቃል፣ ውጊያ ግን አይደለም! ቡሽ ቢለው ኖሮ ሌላ ካርቶን እገዛ ነበር። በጁን የተወካዮች ምክር ቤት ፈቃድ የሚሰጠውን ውሳኔ 295 ለ123 ጣለው፤ ድብደባው ግን ቀጠለ። እኔ የት ነበርኩ? ፍሬሙን እየወለወልኩ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን መጻፍ አልፈልግም ነበር። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በኤፕሪል 2015፣ መንግሥት አልባ በሆነችው ሊቢያ ልጆቻችን ባሕር ዳር ሲታረዱ የሚያሳየው ምስል ወጣ። ከመካከላቸው የቂርቆስ ሰፈር ልጆች ነበሩ። እኔ ያደግሁበት ሰፈር ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጥቁር ለብሼ አለቀስኩ፣ ሻማ አበራሁ፣ ደላሎቹን ረገምኩ፣ አራጆቹን ረገምኩ። አገሪቱን እንዲያ ያደረጋት ጋዳፊ ነው፣ ሚሊሻው ነው፣ ሁሉም ድርሻ አለው፤ ድብደባው ብቻውን አላፈረሳትም። ግን ያን ሳምንት የድብደባው ነገር ለአንድ ደቂቃ እንኳ ትዝ አላለኝም። ትዝ እንዳይለኝ ማን ከለከለኝ? ፎቶግራፉ ኮሪደር ላይ ፈገግ እንዳለ ነበር። በልቅሶው ወራት እንኳን ፊቱን አላዞርኩትም።

ባይደንም ሴናተር ሳለ፣ ቡሽ ያለ ምክር ቤት ኢራንን ቢመታ እንዲከሰስ እንደሚያደርግ ዝቶ ነበር። ፕሬዚዳንት ሆኖ በጃንዩዋሪ 2024 የመንን ሲመታ ማንን ጠየቀ? ይኼንንም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ያኔ ቁርስ እየሠራሁ ዜናውን ሰማሁና ቲማቲሙን መክተፌን ቀጠልኩ።

አንድ ሰው አለ የምቀናበት፤ ዋልተር ጆንስ የሚባል የሰሜን ካሮላይና ሪፐብሊካን። በ2003 ፈረንሳይ ጦርነቱን ስለተቃወመች የድንች ጥብሱ ስም በምክር ቤቱ ምግብ ቤት ከ"ፈረንሳይ" ወደ "ነፃነት" እንዲቀየር ያስደረገ ሰው ነው። ያኔ እንዴት እንደሳቅሁበት! በኋላ ተጸጸተ። የገዛ ፓርቲውን ጦርነት መቃወም ጀመረ፤ ልጆቻቸው ለሞቱባቸው ቤተሰቦች በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ፈርሞ ላከ። በ2011 ደግሞ ዴሞክራቱ ኩሲኒች የራሱን ፓርቲ ፕሬዚዳንት በሊቢያ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲያቆም አብሮት ከሰሰ። ክሱ ውድቅ ሆነ። ሁለቱም ሰልፍ ላይ ምን ዓይነት ካርቶን ይይዙ እንደነበር ለማየት ብዬ ነው መሰለኝ፣ ምድር ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ለረጅም ጊዜ አሰብኳቸው።

ከዚያ ተነስቼ ማርከር ፈለግሁ። የካርቶኑ ጀርባ ንጹሕ ነው። በዚህኛው ገጽ በሥርዓት እጽፋለሁ አልኩ፤ ቃሏን ከላይ በትልቁ፣ ስም የሚባል ሳይኖር፣ ጋሼም ቢያዩት አፋቸውን እንዲይዙ። ወለሉ ላይ ዘረጋሁት፣ ተንበረከክሁ፣ መሐል ለመሐል በወፍራሙ የመጀመሪያዋን ፊደል ጻፍኩ።

"ት" ሆና ተገኘች።

እንግዲህ "ት" የስንት ቃል መጀመሪያ ናት። ትዕግሥት አለ። ትሕትና አለ። ጋሼ እንደገና እየደወሉ ነው፤ ስልኩ ከላይ ወጥ ቤት ውስጥ ሲጮኽ ይሰማኛል። ትዝብት ብዬ ልጨርሳት ይሆን?