የጂሙ ቡጢ ቀበሌ 14 ሲደርስ

ባሕር ዳር ማታ የሚሠራ ሰው የትኛው ቅያስ መብራት እንዳለው፣ የትኛው የባጃጅ ሹፌር ስልክ እንደሚያነሳ በቃሉ ያውቃል። እኔ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ መቀበያ ላይ ነኝ። ፈረቃዬ የሚያልቀው ሰው ሁሉ ከተኛ ወይም ከሰከረ በኋላ ነው፤ ወደ ቤቴ የምሄደውም በቀበሌ 14 በኩል ነው። ልጅ ሆኜ ቴኳንዶ ተምሬያለሁ፣ ኋላም ቦክስ ገባሁ። ስለዚህ «መንገድ ላይ ቢመጡብህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ ለእኔ የሻይ ቤት ወሬ አይደለም። ከልምምዱ ውስጥ የሠራልኝን፣ ያልሠራልኝንና ለዚያ ብዬ የቀየርኩትን ልጻፈው።

ቴኳንዶን አላማም። ርቀት መለካት የተማርኩት እዚያ ነው። ሰው እግሩን ከማንሳቱ በፊት ትከሻው እንደሚያሳብቅበት ያሳየኝም ሳቦማችን፣ ማለትም የቴኳንዶ አሰልጣኛችን ነው። ነገር ግን ጨዋታው ሕግ አለው፣ ሰውነት ደግሞ ሳያውቀው ሕጉን ይለምዳል። ሲድኒ ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ማግኘት የጀመረው ቴኳንዶ ጭንቅላትን በእግር ለመታ 3 ነጥብ፣ ሰውነትን በእግር ለመታ 2፣ ሰውነትን በቡጢ ለመታ 1 ይሰጣል። ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል ነው። እናም ተጫዋቹ እጁን ወደ ታች ለቆ ይጫወታል፤ ለውድድሩ ትክክል ነው፣ ፊቱ ላይ የሚመጣ ቡጢ የለማ። መንገድ ላይ ግን ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው። እሱ ካልሆነ ጥፊ፣ ጥፊ ካልሆነ ቴስታ። ቴስታን የሚፈቅድ ውድድር ደግሞ እኔ በተማርኳቸው ሁለቱ ስፖርቶች ውስጥ የለም። ጠባብ ጂንስና የዝናብ ጭቃ ያለበት ጫማ አድርጎ እግርን እስከ ጆሮ ማንሳት ሌላ ጉድ ነው፣ አልፈዋለሁ።

ቦክሱን የጀመርኩት ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ ውስጥ ነው። የምንደበድበው ጆንያ ሰጋቱራና አሮጌ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት ነበር። ሰጋቱራው እየወረደ ሲሄድ ታቹ ይጠጥራል፣ ላዩ ይሟሽሻል፤ አዲስ ገቢ ታቹን መትቶ አንጓውን ሲያሻሽ አሮጌዎቹ ይስቃሉ። ስፓሪንግ (ከሰው ጋር የሚደረግ የልምምድ ፍልሚያ) ሲፈቀድልኝ የተሰጠኝ በኪሎ ከእኔ የሚያንስ ልጅ ነበር። አፍንጫዬን በጃብ፣ በፊተኛው እጅ በሚሰነዘር ቀጥ ያለ ቡጢ፣ ነካ ነካ ሲያደርገኝ ዓይኔ እንባ ሞላ። እንባው የሕመም አይደለም፤ አፍንጫ ሲነካ ዝም ብሎ ይፈስሳል። አሰልጣኙ ከገመዱ ውጭ ቆሞ «ዓይንህን አትጨፍን! ተንፍስ!» ይላል። ለረጅም ጊዜ ከዚህ ሌላ ምክር ከእሱ አልሰማሁም።

ከዚያ ሁሉ ልምምድ መንገድ ላይ የተከተለኝ ይኸው ነው። ሰው ሲደነግጥ አድሬናሊን ይረጫል፤ ልብ ይደልቃል፣ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ዓይን ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል፣ ጆሮ ጎኑ የሚጮኸውን አይሰማም፣ ጣት ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት ያቅተዋል። ለሠለጠነውም ይመጣል። የተመታ ሰው ግን ስሜቱን ያውቀዋል፤ «ይሄ ያው የማክሰኞው ልምምድ ነው» ይልና እጁን ያነሳል። ያልተመታ ሰው አንድ ጥፊ ሲቀምስ ምን እንደሆነ እስኪገባው ድረስ ቆሞ ይቀራል፤ በዚያ መሀል ሁለተኛው ይደርሳል።

ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ጁዶን ሲመሠርት ያደረገው ነገር ለዚህ ነው ሁልጊዜ የሚገርመኝ። ከድሮው የጃፓን ትግል ከጁጁትሱ አደገኛ የሚባሉትን ምቶች ከነፃ ፍልሚያው አስወጣቸው፤ የቀሩትን ውርወራዎች ግን ተማሪዎቹ በሙሉ ኃይል፣ እምቢ በሚል ሰው ላይ እንዲለማመዷቸው አደረገ። ቀላል የሚመስል ግን በየቀኑ በእውነተኛ ጉልበት ላይ የተሞከረ ነገር፣ በወረቀት ላይ ገዳይ ከሆነ ያልተሞከረ ነገር ይበልጣል ማለት ነው። «ዓይኑን ወግተህ፣ ጉሮሮውን ጨብጠህ» እያለ የሚያስተምር ሰው ሳይ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ በማን ላይ ሞክረኸው ታውቃለህ?

ጩቤም እንደዚሁ። በልጅነታችን የተማርነው የጩቤ መከላከያ ቆንጆ ነበር፤ ጓደኛህ እጁን ዘርግቶ ይወጋል፣ እጁን እንደዘረጋ ይቆምልሃል፣ አንተ ትጠመዝዘዋለህ። ከቦክስ ጓደኞቼ ጋር ነጭ ካናቴራ ለብሰን፣ የሰሌዳ ማርከር ይዘን ሞከርነው። ማርከሩን የያዘው ልጅ እንደ ፊልሙ አንዴ ወግቶ አልቆመም፤ በግራው አንገቴን ይዞ በቀኙ ወጋ መለስ፣ ወጋ መለስ አደረገ። ደቂቃ ሳይሞላ ሆዴና ክንዴ በሰማያዊ መስመር ተሞላ። ተራ በተራ ገባን፣ ንጹሕ ካናቴራ ይዞ የወጣ የለም። በጣም ፈጣኑ ልጃችን እንኳን ብብቱ ሥር ሁለት ረጃጅም መስመር ነበረው። ከዚያ ቀን ወዲህ ለሴንጢ ያለን ትምህርት አጭር ነው፦ ስልኩን ስጥ፣ ብሩን ስጥ፣ ራቅ። መሸሻ ከጠፋ መሀል ላይ ወንበር ይሁን ቦርሳ ይሁን የሆነ ነገር አስገባ።

አገሩም ጎጃም መሆኑን መርሳት የለብንም። ከገጠር የመጣ ሰው ትከሻው ላይ ዱላ አለ፤ ለጠብ ብሎ የያዘው አይደለም፣ ጠብ ከመጣ ግን በእጁ ነው። ዱላ ለያዘ ሰው የጃብ ርቀት ማለት ለእሱ የተመቸ ርቀት ማለት ነው። ኮብልስቶን ሲጠገን የተቆለለው ድንጋይም መንገድ ዳር ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1993 የመጀመሪያው ዩ.ኤፍ.ሲ. (የተለያየ ስፖርት ተፋላሚዎች የሚገናኙበት ውድድር) አሜሪካ፣ ዴንቨር ላይ ሲካሄድ የትግል ሰው የሆነው ብራዚላዊው ሮይስ ግሬሲ ከእሱ የሚገዝፉትን መሬት ላይ እያንከባለለ ማሸነፉ ስለ ትግል ብዙ አስተምሯል፤ አንድ ለአንድ ከሆነ እውነት ነው። እዚህ ግን ኮብልስቶን ላይ ተንከባልለህ አንዱን ብታንቅ የጓደኛው ካልቾ ጎድንህን ያገኘዋል። ስለዚህ ከትግል የወሰድኩት ሁለት ነገር ነው፤ ተይዞ አለመውደቅና ከወደቁ ቶሎ መነሳት። አወዳደቅንም ጨምሩበት፣ አገጭን ደረት ላይ አድርጎ። መንገድ ላይ ሰው የሚሞተው ብዙውን ጊዜ በቡጢው ሳይሆን ማጅራቱ ድንጋይ ሲመታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የትኛውም ጂም የማያስተምረው የእኛ አገር ጠብ አንድ ነገር አለው፤ ገላጋይ።

አንድ ቅዳሜ ማታ ሠርግ ላይ የሰከረ ጎልማሳ በራችን ላይ ከዘበኛችን ጋር ይጨቃጨቃል። ዘበኛችን አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፣ ወጣሁ። ሁለት እጄን ክፍት አድርጌ ደረቴ ፊት ዘርግቼ «ይቅርታ ጋሼ፣ በኔ ይሁንብዎ፣ ባጃጅ ልጥራልዎ» አልኩት። ይሄ አቋም ለተመልካች ልመና ነው፤ እጄ ግን አገጬ አጠገብ ነው ያለው። «አንተ ደግሞ ማን ነህ!» ብሎ ጥፊ ሰነዘረ። በክንዴ ተቀበልኩት። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ሦስት ሰዎች «ኧረ በማርያም! ኧረ በጊዮርጊስ!» እያሉ ዘለው የገቡት። ማንን ያዙ? እኔን። ወጣቱ እኔ፣ ቁመናዬ የስፖርተኛ የሆነው እኔ፤ ሰውዬውን «ጋሼ፣ ጋሼ» እያሉ በምላስ ብቻ ያባብሉታል። አንዱ ቀኝ እጄን ወደ ኋላ ጠምዝዞ፣ አንዱ በወገቤ ታቅፎኝ። ጋሼ ሰፊ ጊዜ ነበረው፤ ተንደርድሮ ቴስታ ሰጠኝ። አገጬን ደብቄ ስለነበር ያገኘው አፍንጫዬን ሳይሆን ግንባሬን ነው፣ ከእኔ ይልቅ እሱ ተንገዳገደ።

በማግስቱ ጂም ገብቼ የጠየቅሁት አዲስ ቡጢ እንዲያሳዩኝ አልነበረም። ሁለት ልጆች ገላጋይ እንዲሆኑ ለመንኩ። ስፓሪንግ እያደረግን ሳለ ድንገት ገብተው አንዱን ብቻ ይይዛሉ፣ ሌላው መምታቱን ይቀጥላል። መጀመሪያ ሳቅ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ግን መልክ ያዘ። እጅ ከመያዙ በፊት ክርንን ጎን ላይ መለጠፍ፤ የያዘህን ሰው ሳትመታው ዞር ብለህ በአንተና በሰካራሙ መሀል እሱን ማቆም፤ «ያዙት! እሱን ያዙት!» ብሎ ጮክ ብሎ መናገር። ይሄ ሦስተኛው ቀልድ ይመስላል፣ ግን ከሁሉም የሚሠራው እሱ ነው፤ ገላጋይ የሚይዘው ሰው የሚነግረው ይፈልጋል። ከቀለበት ጥግ ለመውጣት የተማርኩት የእግር አጣጣል እዚህ ላይ በደንብ ይረዳል፤ አንድ ሰው እንዳይከበኝ የተማርኩት ለሦስትም ይሆናል፣ ግድግዳው ወዴት እንዳለ እስካወቅሁ ድረስ።

ቡጢውንም ቀንሼዋለሁ። ጂም ውስጥ ፋሻና ጓንት አጥንቱን ጠቅልሎ ይይዝልናል። ባዶ እጅ የሰው ግንባር ላይ ሲያርፍ ከትንሿ ጣት በታች ያለው የመዳፍ አጥንት ሊሰበር ይችላል፤ በእንግሊዝኛ በቦክሰኛ ስም የሚጠራ የታወቀ ስብራት ነው። አንድ የጂም ጓደኛዬ እጁን እንዲህ ተሰብሮ ወጌሻ ቤት ተመላልሶ፣ በመጨረሻ ሆስፒታል ገብቶ ነው የዳነው፤ ጣቱ እስካሁን ጎበጥ ብሏል። እኔ ጆንያውን አሁን በመዳፍ ግርጌ ነው የምመታው፣ ለመግፋትና መንገድ ለመክፈት።

ሌላው ሩጫ ነው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ የእግረኛው መስመር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሙሉ ፍጥነት ሮጦ፣ በእርምጃ መመለስ። ከተማችን ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች ሳንባ ይገራል። አሰልጣኛችን «ለመሸሽ ከሆነማ ለምን ወርሃዊ ትከፍላለህ?» ይለኛል። (ማለዳ ሲሆን ወደ ውሃው ዳር አትጠጉ፤ ጉማሬ ቴኳንዶ አያውቅም።)

እህቴ ፔዳ ግቢ ተማሪ ናት። ጂም ላስገባት ስል «ወንድም ጋሼ፣ እኔ ቀለበት ውስጥ አልገባም፤ እጄን ቢይዙኝ ምን ላድርግ?» አለችኝ። የያዡን አውራ ጣት ፈልጎ በዚያ በኩል መንጠቅን አሳየኋት፤ ይሠራል፣ ያውም ወዲያው ካደረጉት ብቻ። ሰውየው ጨብጦ ከጠነከረ በኋላ ጉልበቱ ያሸንፋታል። ስለዚህ የተለማመድነው መንጠቅን፣ መጮህንና መሮጥን በአንድ ላይ ነው። ለመጮህ ነው ያፈረችው፤ ጓሮአችን ውስጥ ጎረቤት እስኪወጣ አስጮህኳት። የጆሮ ማዳመጫም መንገድ ላይ ሲመሽ አይደረግም።

የቀረው ሕጉ ነው፤ ቦክሰኛ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከል አያስቀጣም ይላል፤ ጥቃቱ ሕገ ወጥ ሆኖ የደረሰ ወይም የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ ከሆነ። ከመጠን ያለፈውን አንቀጽ 79 ይመለከታል፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀልላል፣ ጥቃቱ ካስከተለው ድንጋጤ የመጣ ከሆነም ሊተወው ይችላል። የወደቀን ሰው በካልቾ መድገም ግን ከመከላከል አይቆጠርም። ይህን ሁሉ ጣቢያ ላይ የሚያስረዳልህ ምስክር ነው፣ ምስክሩም ያው ገላጋዩ ነው። ስለዚህ ጠቡ ሲበርድ ያልሰከረውን መርጬ ስሙንና ስልኩን እቀበላለሁ። የዚያ ቅዳሜ ነገር ጣቢያ በደረሰ ጊዜ «እጁን ዘርግቶ ይቅርታ ጋሼ ሲለው ነበር» ብሎ የመሰከረልኝ፣ ቀኝ እጄን ጠምዝዞ ያስመታኝ ሰውዬ ነው።