ዳማዋ ግሪል

ጋራዡ ጨለማ ነበር። አምፖሉ ተቃጥሏል፤ በበሩ የሚገባው የጥቅምት ብርሃን ጥጉ ድረስ አይደርስም። እዚያ ጥግ አንድ ክብ የከሰል ግሪል፣ ሥጋ መጥበሻ፣ በሦስት እግሩ ቆሟል። የቤቱ ባለቤት ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት ናቸው። "ጥቁሩን ግሪልም እንጫነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ጥቁር አይደለም" አሉኝ። "ቡናማ ነው።"

እኔ አላመንኩም። እሳቸው ግን ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እርጥብ ጨርቅ አመጡና ክዳኑን የመዳፍ ያህል ቦታ ጠረጉት። ከአቧራውና ከጥላሸቱ ሥር የሚያበራ ቡናማ ወጣ። ቡና ሲቆላ ከመጥቆሩ በፊት አንድ ደቂቃ አለች አይደል? እናቴ "በቃ፣ አውጪው!" ብላ እህቴ ላይ የምትጮህባት ደቂቃ። ልክ ያን ቀለም ነበር።

"ባለቤቴ ነው የመረጠው" አሉኝ። "ሰው ሁሉ ጥቁር ሲገዛ እሱ ይሄን መረጠ።"

ቺካጎ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በሳምንቱ ቀናት መጋዘን እሠራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ከአንድ ታላቅ ወንድሜ ከምለው ሰው ጋር፣ ጋሼ ነው የምለው፣ በእሱ ትራክ ቤት እናጸዳለን። ሰው ሲሞት ወይም ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገባ ቤቱ መለቀቅ አለበት። ልጆች ሌላ ስቴት ናቸው፤ የሚፈልጉትን ይወስዱና ቀሪውን ለእኛ ይተዋሉ። እዚህ አገር ያለ ቆራሌ ነን ብል ይገባችኋል። የሚሸጠውን እንሸጣለን፣ የሚለገሰውን እንለግሳለን፣ ብረቱን በኪሎ እናስረክባለን።

እና ከዚያ ቀን በፊት ስንት ግሪል በኪሎ እንዳስረከብኩ አላስታውስም። ቆርቆሮው ስስ ስለሆነ ብዙ አይመዝንም፤ የሚገኘው ጥቂት ሳንቲም ነው። ከመካከላቸው አንዱን ግን አልረሳውም። ቀይ ነበር። እጀታው እንጨት ነው፤ ከብዙ እጅ ላብ የተነሳ ተወልውሏል። ብረት ክምር ላይ ወርውሬው ክዳኑ እየተንከባለለ ሲወርድ እስካሁን ይታየኛል። ዛሬ ቢሆን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ነበር የማወርደው።

ባልቴቷ ግሪሉን በነጻ ሰጡኝ። አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፤ "አትጣለው፣ አብስልበት" አሉ። ቤት ወስጄ ሳጥበው ነው ነገሩ የያዘኝ።

ክዳኑ ላይ የአየር መውጫ ቀዳዳዎች አሉ። ቀዳዳዎቹን የምትከፍተውና የምትዘጋው ትንሽ ክብ የአሉሚኒየም ሳህን ናት። እሷን በጥርስ ብሩሽ ሳሻት አንዲት ፊደል ብቅ አለች፤ "ቢ"። ግሪሉን የሠራው ዌበር የሚባለው ኩባንያ በፈረንጆቹ ከ1979 ጀምሮ የተሠራበትን ዓመት በፊደል እዚያ ላይ ይመታ ነበር። "ኤ" 1979 ነው። "ቢ" 1980። "ሲ" 1981። ስለዚህ ግሪሉ የ1980 ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም አልኩ። እኔ የተወለድኩት በኅዳር 1973 ነው፤ በፈረንጆቹ 1980 መሆኑ ነው። ግን ወረቀቴ ላይ እንዲህ አይልም። እናቴ የምታውቀው ጤፍ ሲታጨድ እንደወለደችኝ ነው። ስደት ላይ ፎርም ሲሞላ ቀኑን ስጠየቅ እሱን ተናገርኩ፤ የሚሞላው ሰው ደግሞ ጃንዋሪ 1 ብሎ ጻፈ። ስንቶቻችን ነን እንደዚህ! በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ስልኬ "እንኳን ተወለድክ" በሚል መልእክት ይሞላል፤ ከባንክ፣ ከጥርስ ሐኪም። እና ይህ ግሪል፣ እኩያዬ፣ የራሱን ዓመት ግንባሩ ላይ ተሸክሞ አርባ ዓመት ኖሯል። ደስ አለኝ።

ደግሞ የዚህ ከተማ ልጅ ነው። ክቡ ግሪል የተወለደው እዚሁ ቺካጎ ነው። ጆርጅ ስቲቨን የሚባል ሰው ዌበር ብራዘርስ በሚባል የብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው ውኃ ላይ የሚንሳፈፉትን፣ ለመርከብ መንገድ የሚያሳዩትን ትልልቅ የብረት ኳሶች ይሠራ ነበር። ጆርጅ አሥራ ሁለት ልጆች የነበሩት፣ ሥጋ መጥበስ የሚወድ ሰው ነው። ያኔ የነበረው ግሪል ግን ክዳን የለሽና ገላጣ ነበር፤ ነፋስ ሲመጣ አመዱ ሥጋው ላይ፣ ጭሱ ዓይን ውስጥ። በፈረንጆቹ 1952 ከኳሱ ግማሹን ወስዶ ሦስት እግር ሠራለት፣ ሌላውን ግማሽ ክዳን አደረገው፣ እጀታ አበጀለት። በኋላ ጎረቤቶቹ ቅርጹን አይተው ስፑትኒክ፣ በሶቪየቶቹ ክብ ሳተላይት ስም፣ እያሉ ይጠሩት እንደነበር ይነገራል። የቺካጎን ነፋስ የሚያውቅ ሰው ክዳኑ ለምን እንዳስፈለገ ማብራሪያ አይፈልግም።

ቀለሙ ለምን አርባ ዓመት ቆየ? ቀለም ስላልሆነ ነው። ብርጭቆ ነው። የብርጭቆ ዱቄት ብረቱ ላይ ተደርጎ ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ይጋገርና ከብረቱ ጋር ይዋሃዳል። ይሄ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ያ ነጩ፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነው የልጅነታችን ኩባያ እኮ እሱው ነው። አበባ ያለበት ትሪም እንዲሁ። ወድቆ ሲፈነቀል ጥቁር ነጥብ ይሆናል፣ ከዚያ ነጥቡ ይዝጋል፤ ሌላው ግን እንዳማረበት ይኖራል። ድሮ ግሪል ስታዩ ያን ኩባያ አስቡ። ፀሐይ አያደበዝዘውም። የተፈነቀለበት ቦታ ይታወቃል። ያልተፈነቀለበት ሲታጠብ እንደ አዲስ ያበራል።

ይህን ሳላውቅ ተበልቻለሁ። ግሪል መፈለግ በጀመርኩ በመጀመሪያው በጋ አንድ ሰው "ብርቅዬ አረንጓዴ" ብሎ ኢንተርኔት ላይ ለጥፎ አየሁ። አንድ ሰዓት ነድቼ ሄድኩ። ማታ ነበር፤ በስልክ መብራት አይቼ 120 ዶላር ከፈልኩ። ቤት ደርሼ ከሰል ሳቀጣጥል ክዳኑ እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ። ከዚያ ሽታው! ጥቁር ግሪል ላይ በቆርቆሮ የሚረጭ ቀለም ነፍቶበት ነው የሸጠልኝ። ሰውዬውን ደወልኩለት፣ አላነሳም። ለልጆቼ ልጠብስ የገዛሁት ሥጋ ያን ቀን ምጣድ ላይ ተጠበሰ።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የአየር ሳህኗንና ብሎኖቹን አያለሁ። ሳህኗ አሉሚኒየም ስለሆነች የራሷ መልክ አላት፤ እሷም የክዳኑን ቀለም ከያዘች አንድ ሰው ረጭቶበታል ማለት ነው። ቀጥሎ የእጀታው ሥር። ጥላሸትም ፀሐይም የማይደርስበት ቦታ ስለሆነ እውነተኛው ቀለም እዚያ አለ። ሁልጊዜ እርጥብ ጨርቅ እይዛለሁ፤ ባልቴቷ ያስተማሩኝ ነው። ደግሞ በቀን ብርሃን ብቻ። ጋራዥ ውስጥ ቡናማው ጥቁር ይመስላል፤ ጥቁር ሰማያዊም ጥቁር ይመስላል። ስንቱ ሰው ቡናማውን ጥቁር ነው ብሎ በ20 ዶላር እንደሚሸጥ ብታዩ!

ስሙን መለየት ደግሞ ሌላ ነው። ሰው ሁሉ "ዌበር" ይላል፣ ያ ኩባንያው ነው። እኔ መጀመሪያ ሜትር አወጣለሁ። ትልቁ የተለመደው ዳር እስከ ዳር 22.5 ኢንች ነው፤ መካከለኛው 18.5። መሬት የሚቀመጠው ትንሹ 14.5 ሲሆን ስሙ ስሞኪ ጆ ነው። ራንች የሚባል 37 ኢንች ገደማ የሆነ ግዙፍም አለ፤ በግ ሙሉውን የሚችል፣ ለሠርግ የሚሆን። ጠረጴዛ ተገጥሞለት በጋሪ መልክ የተሠራው ፐርፎርመር ነው። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ሆዱን ከሥር አያለሁ። ሦስት የአየር ቀዳዳዎች ለየብቻ የሚከፈቱና የሚዘጉ ከሆነ የድሮው ነው። አንድ እጀታ ሦስቱንም የምትከፍት፣ አመዱንም የምትጠርግ ከሆነ ዋን-ተች ይባላል፤ በኋላ የመጣ ነው። ማስተር-ተች የሚለው ስም ግን ያሳስታል። ድሮም ነበር፣ ዛሬም አዲስ ግሪል ላይ አለ። ስሙን ብቻ ሰምታችሁ ገንዘብ እንዳትልኩ። ፊደሏንም ቢሆን ብቻዋን አትመኑ፤ የሌላ ግሪል ክዳን የተከደነበት ብዙ አይቻለሁ።

እነዚህን ግሪሎች የሚሰበስቡ ሰዎች ታዲያ በፋብሪካ ስማቸው ብዙም አይጠሯቸውም። በቀለማቸው ነው። ቀዩን "ሬድሄድ" ይሉታል፣ ባለ ቀይ ፀጉሯ እንደማለት። ቡናማውን "ብራውኒ"። ጋሼ ይህን ሲሰማ "ለቆርቆሮ ስም!" ብሎ ተገረመ። እኔ ግን አልገረመኝም። አባቴ በሬዎቹን የሚጠራቸው በምን ነበር? ዝንጉርጉሩ ቡሬ፣ ጠይሙ ወይኖ፣ ግራጫው ዳልቻ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ። ማለዳ ሲያርስ "ና ወይኖ! ሳብ ቡሬ!" ሲል ድምፁ ከወንዝ ማዶ ይሰማል። ቀለሙ ስሙ ነው። አብሮህ የሚሠራን ነገር መልኩን አይተህ ስም ታወጣለታለህ። ከዚያ በኋላ መሸጡ ይከብድሃል።

አሁን አራት አሉኝ። ጥቁር፣ ቀይ፣ ቡናማውና አንዲት ስሞኪ ጆ። ስሞኪ ጆዋ የባለቤቴ ሆናለች። ሞንትሮዝ ወደሚባለው የቺካጎ ሐይቅ ዳር ስንወጣ ከሰሉን አቀጣጥላ ቡናዋን የምትቆላው እሷ ላይ ነው። ከማንደጃ አትለይም፤ ክዳኗ ደግሞ ነፋሱን ይከልላል። አንድ ቀን የሚያልፉ ሰዎች በሽታው ተስበው መጥተው ሁለተኛውን ጠጥተው ሄዱ። ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፦ በክረምት ቤት ውስጥ ወይም ጋራዥ ውስጥ ከሰል አታቀጣጥሉ፤ በሩን ከፍታችሁም ቢሆን። የከሰሉ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ይገድላል።

ባለቤቴ መጀመሪያ የድሮ ግሪል ትፈራ ነበር። ከክዳኑ ውስጥ ጥቁር ቅርፊት እየተላጠ ይረግፋል። "ቀለሙ ምግባችን ላይ እየወደቀ ነው" አለች። እውነቷን ነው፣ ቀለም ይመስላል። ግን ክዳኑ ውስጥ የሚላጥ ቀለም የለም። የዓመታት ስብና ጭስ ተጠራቅሞ፣ ተቃጥሎ፣ ከሰል ሆኖ ነው። ክዳኑን ሞቅ እያለ በተጨማደደ ፎይል አሸሁት፣ ረገፈ። ከሥሩ ያው ብርጭቆው ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ያን ቀን ነው ፍርሃቷ የለቀቃት። ሽቦ ብሩሽ ግን ውጭውን እንዳይነካው፤ ብርጭቆ ይጫራል።

ባለፈው እንቁጣጣሽ ቡናማውን ወደ ሐይቁ ዳር ወሰድኩት። ከሰሉን በአንድ ጎን ሰብስቤ ሁለት የበግ እግር በሌላው ጎን አስቀመጥኩና ከደንኩት። የታችኛውን አየር ሙሉ ለሙሉ፣ የላዩን ግማሽ ከፈትኩ። ሥጋው እስኪደርስ እናቴን በቪዲዮ ደወልኩላት። እሷ ጎጃም፣ በኩራዝ ያደገች ሴት፤ አሁን የልጅ ልጇ ስልኩን ይይዝላታል።

"ምንድን ነው ያ የሚጨሰው?" አለች።

"ሥጋ መጥበሻ ነው፣ እምዬ። እኩያዬ ነው፤ እኔ በተወለድኩበት ዓመት የተሠራ።"

"አስጠጋልኝ እስቲ።"

ስልኩን ወደ ክዳኑ አስጠጋሁላት። ፀሐይ በቀጥታ አርፎበታል፤ ቡናማው ውስጥ ቀይ ነገር ይንቦገቦጋል። ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ከጎኗ ላለው ልጅ "ዳማ ነች እኮ! ያቺ የአያትህ በቅሎ ቀለም" አለችው። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ "ማነው የሰጠህ?" አለች።

"አንዲት እናት ናቸው። ባለቤታቸው የመረጡት ነው።"

"በሕይወት አሉ?"

"አሉ።"

"ታዲያ ከሥጋው ውሰድላቸዋ!"

አንዱን እግር በፎይል ጠቅልዬ፣ ላዩን በፎጣ ሸፍኜ አርባ ደቂቃ ነዳሁ። አረጋውያን መኖሪያው በር ላይ ስደርስ ገና ትኩስ ነበር።