ከፍራንክፈርት ዲሽ አትጠብቁ፣ ጓሯችሁ ያለውን አንሡ

ከጅማ ወደዚህ ወደ ፍራንክፈርት የሚመጣልኝ ጥያቄ አይለወጥም፦ «እዚያ አገር ዲሽ በየመንገዱ ይጣላል አሉ፤ አንድ ትልቅ ላክልን እንጂ!» እውነት ነው፣ ይጣላል። ለምን እንደሚጣል ግን የሚጠይቅ የለም። ጀርመን ውስጥ በረንዳ ላይ ዲሽ መስቀል ከአከራይ ጋር ያጣላል። «የሕንፃውን መልክ ያበላሻልና ይነሣ» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ጎረቤት ደግሞ ስም ሳያነብ ዲሹን ብቻ አይቶ የውጭ ሰው ቤት መሆኑን ያውቃል። ነገሩ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. አንድ ቱርካዊ ተከራይ የአገሩን ቴሌቪዥን ለማየት ያቀረበው አቤቱታ ተቀባይነት አግኝቷል። ደብዳቤው ግን ዛሬም አልቀረም። የአገርን ዜና በአገር ቋንቋ ለመስማት የፍርድ ቤት ወረቀት መጥቀስ ያማል። በረንዳው ወደ ሰሜን የዞረ ከሆነማ ወረቀቱም አያድንም፤ ሳተላይቶቹ ያሉት በደቡብ በኩል ነው።

ጅማ ላይ ማንም አይከለክላችሁም፣ ሰማዩም ይበልጥ ምቹ ነው። ቻናሎቻችን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ ስንት ዲሽ ጓሮ ተጥሎ የዶሮ መጠለያ ሆነ! ከጅማ መርካቶ እስከ ቆጪ ሰፈር ድሮ የተተከሉት ባለ ወንፊት ትልልቆቹም ዝገው ቆመዋል። እነሱን ነው ማንሣት ያለባችሁ።

መጀመሪያ መጣመሙን ፈትሹ። ጠርዙ ላይ እኩል የተራራቁ አራት ነጥቦች ምልክት አድርጉና ሁለት ሲባጎ መስቀለኛ አጥብቃችሁ ወጥሩ። መሐል ላይ ለስለስ ብለው ከተነካኩ ደህና ነው። ክፍተት ካለ ተጣሟል። የታችኛው የላይኛውን ገፍቶት እንዳይሆን ደግሞ የላይኛውን ከታች አድርጋችሁ ድገሙት። ሲ ባንድ ለሚባለው ባለ ረጅም ሞገድ ስርጭት ትንሽ መጣመም ብዙ አይጎዳም፤ ኬዩ ባንድ ለሚባለው ባለ አጭር ሞገድ ግን የሞገዱ ርዝመት 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ጥቂት ሚሊሜትርም ዋጋ ያስከፍላል። ወንፊቱንም እዩት፤ ቀዳዳው ከ2.5 ሚሊሜትር ከሰፋ የኬዩ ባንድ ሞገድ ሾልኮ ማለፍ ይጀምራል።

የትልቁ ክብ ዲሽ ኤልኤንቢ (ዲሹ የሰበሰበውን ሞገድ የሚቀበለው ራስ) መቆሚያ ከጠፋ ቦታውን አስሉት። ስፋቱን በራሱ አባዙና ለጥልቀቱ 16 እጥፍ አካፍሉት። 180 ሴንቲሜትር ሰፍቶ 28 ሴንቲሜትር የሚጎደጉድ ዲሽ 72 ሴንቲሜትር ይሰጣችኋል፤ የኤልኤንቢው አፍ ከዲሹ ወለል መሐል በዚያ ርቀት ይቀመጣል። ከዚያ ወዲህና ወዲያ በግማሽ ሴንቲሜትር እያንቀሳቀሳችሁ ሪሲቨሩ የሚያሳየው ኳሊቲ (የሲግናሉ ጥራት) የሚበልጥበትን ያዙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ተራውን የኬዩ ባንድ ኤልኤንቢ ሲያስር ነው። እሱ የተሠራው ለሞላላው ኦፍሴት ዲሽ በመሆኑ እይታው ጠባብ ነው፤ ከ180ው ውስጥ መሐሉን፣ ከ110 ሴንቲሜትር ብዙም የማይበልጠውን ብቻ ያያል። ጠርዙ በከንቱ ይቀራል። ለፕራይም ፎከስ፣ ማለት ኤልኤንቢው መሐል ለመሐል ለሚቆምበት ክብ ዲሽ፣ የተሠራ ፊድሆርን (የሞገድ መቀበያ አፍ) ያለው ኤልኤንቢ ፈልጉ። ኢትዮሳትን ብቻ ለማየት ከሆነ የጓሮው 90 ሴንቲሜትር ኦፍሴት ይበቃል፤ ትልቁን ሌላ ሳተላይት ለማደን አስቀሩት።

አቅጣጫውን ልንገራችሁ። ኢትዮሳት ያለበት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ከጅማ ሲታይ ከሰሜን በቀኝ በኩል 110 ዲግሪ ላይ፣ ከአድማስ 65 ዲግሪ ከፍ ብሎ ነው። ኮምፓስ ለሌለው፦ የጥምቀት ዕለት ማለዳ ፀሐይ ከጅማ አድማስ የምትወጣው በዚያው በ110 ዲግሪ ገደማ ነው። ቦታውን አንድ ጊዜ አጥር ላይ ምልክት አድርጉት። ምሰሶውን በውሃ ልክ ቀጥ አድርጉ፤ ምሰሶው ካዘመመ የዲሹ ማዕዘን ቁጥር ሁሉ ውሸት ይሆናል። 65 ዲግሪ ማለት የኦፍሴት ዲሹ ፊት ከመቆም ይልቅ ወደ ኋላ 40 ዲግሪ ያህል ይንጋለላል ማለት ነው። ፍራንክፈርት ላይ አስትራ ለሚባለው፣ 19.2 ዲግሪ ምሥራቅ ላለው ሳተላይት የሚተከለው ዲሽ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ከሁሉ የሚያስገርመው የኤልኤንቢው መዞር ነው። ፍራንክፈርት ላይ ለአስትራ 9 ዲግሪ ገደማ ጠመም ይደረግና ያበቃል። ጅማ ለምድር ወገብ ስለቀረበች ለ57 ምሥራቅ 69 ዲግሪ ያህል መዞር አለበት! ከውጭ የመጣ ሰው የኬብሉን መውጫ ቀጥ አድርጎ ወደ መሬት አስሮ ይወርድና ግማሹ ቻናል ጠፍቶ ሪሲቨሩን ይረግማል። ያን ጊዜ ከሚፈለገው ሞገድ የሚገባው ከስምንት አንድ እጁ ነው፤ የሚበዛው ከሌላው ፖላራይዜሽን (የሞገዱ መወዛወዣ አቅጣጫ፤ ቨርቲካል ወይም ቪ፣ ሆሪዞንታል ወይም ኤች) የሚመጣው ነው። ስለዚህ የሪሲቨሩ የቻናል ፍተሻ ቨርቲካሉን ሆሪዞንታል ብሎ ይዘረዝራል። የጅማ የዲሽ ልጆች የዚህን መዞር ቀመር ሳይጠሩ በእጃቸው ያውቁታል፣ ሊከበሩበት ይገባል። ከዲሹ ጀርባ ቆማችሁ ወደ ሰማይ እያያችሁ፣ የሰዓት ዘንግ ከሚዞርበት በተቃራኒ አዙሩት፤ መውጫው ከ6 ተነሥቶ 4ን ትንሽ አለፍ ይላል። መያዣው ያን ያህል ካላዞረ በዘንጉ አቅጣጫ 21 ዲግሪ አዙሩና ሪሲቨሩ ላይ ቪ እና ኤችን ቀይሩ፤ ውጤቱ አንድ ነው። የመጨረሻውን ልክ በኳሊቲ ፈልጉ። ስትሬንግዝ (የሲግናል ኃይል) የሚባለውን ሳተላይት ሳይገኝም ኬብሉና ኤልኤንቢው ብቻ ከፍ ያደርጉታል።

ዝናቡን አትናቁት። የጅማ ክረምት መጀመሪያ የሚገባው በኬብሉ ጫፍ ነው። ኬብሉ ኤልኤንቢው ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ቆልመም ብሎ ይመለስ፣ ውሃው እዚያ ይንጠባጠብ። ማያያዣውን በላስቲክ ቴፕ ጠቅልሉት። ከጥልፉ ሽቦ አንዲት ክር መሐለኛውን ናስ ከነካች ሪሲቨሩ ለኤልኤንቢው የሚልከው 13 ወይም 18 ቮልት ሾርት ያደርጋል፤ ስለዚህ ሪሲቨሩን ሳታጠፉ አትንኩት። ዝገቱን ፍቃችሁ ስትቀቡ የማያብረቀርቅ ቀለም ተጠቀሙ፤ የሚያብረቀርቅ ዲሽ ፀሐይን ሰብስቦ የኤልኤንቢውን ፕላስቲክ ያቀልጣል። በደመራ ሰሞንና በመጋቢት 8 አካባቢ ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ ስዕሉ ለጥቂት ደቂቃ ቢቆራረጥ ብሎን አትፍቱ። ፀሐይ ሳተላይቱ ጀርባ ቆማ ነው፣ ራሷ ታልፋለች። እንዲያውም የትልቁ ክብ ዲሽ ኤልኤንቢ ጥላ ያኔ መሐል ላይ ካረፈ ዲሹ በትክክል ዞሯል።

«ዲሽ ተክዬ እበላለሁ» ብላችሁ ወደዚህ ለምትነሡ ደግሞ፦ በጀርመን የኤሌክትሪክ ሙያ ሥልጠና ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል፣ ያውም ቋንቋው ከተያዘ በኋላ። ያለ ሙያ ወረቀት ጣሪያ ላይ ልውጣ የሚል ሰው ሥራ ማግኘት ይከብደዋል። ቤት ስትከራዩም ውሉ ላይ ስለ ዲሽ የተጻፈውንና በረንዳው የዞረበትን አቅጣጫ ሳታዩ አትፈርሙ።

ላኩልን የምትሉትንም ለውጡት። የዲሹ ጭነት ከዋጋው ይበልጣል። ለፕራይም ፎከስ የተሠራ ኤልኤንቢ፣ የሳተላይት መለኪያ፣ መጭመቂያ መሣሪያና ሃያ ጥሩ የኬብል ጫፍ በአንድ ሻንጣ ጥግ ይገባሉ።