የኅዳር ብርድና የሞተረኛ ጣት

ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ የሚጠናው ዝናብ ሲዘንብ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ያለ ደመና ሲያድር ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊቱን ስትለቅ ታነጋለች፤ ጎህ ሲቀድ ሣሩን አመዳይ ለብሶ ታገኙታላችሁ። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ደግሞ 3,000 ሜትር ይታለፋል። በዚህ ሰዓት በሞተር የሚወጣ ሰው ብርዱን በእግረኛ ብርድ መለካት የለበትም። አየሩ 5 ዲግሪ ቢሆንም በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ገላ ላይ ከዜሮ በታች 2 ያህል ሆኖ ይሰማል፤ 0 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ ከዜሮ በታች 9 ገደማ ይደርሳል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጣት ነው። የፊት ፍሬንም፣ ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው ፍሪሲዮንም በጣት ነው የሚያዙት። በ60 ፍጥነት ሞተር በሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል፤ የደነዘዘ ጣት ግማሽ ሴኮንድ ከዘገየ ከ8 ሜትር በላይ ያለ ፍሬን ታለፈ ማለት ነው። ብዙ ሰው መፍትሔውን ጓንት ላይ ብቻ ይፈልጋል። ሰውነት ግን ደረት ሲበርደው ልብና ሳንባን ለማሞቅ ብሎ ወደ ጣት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ ያኔ የትኛውም ጓንት አያስጥልም። ስለዚህ ቀድሞ መልበስ ያለበት ደረትና አንገት ነው፦ ከውስጥ ስስ ሹራብ፣ ቀጥሎ ሱፍ፣ ከላይ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት። ጃኬቱ ንፋስ የሚያስገባ ከሆነ ከሥሩ ደረት ላይ አራት አምስት ገጽ ጋዜጣ ማድረግ በጣም ይረዳል። ላስቲክም ንፋስ ይከለክላል፣ ግን ላብ ያቁራል፣ ላቡም ቆይቶ ያበርዳል።

የመንዝ በርኖስ ለብርድ ወደር የለውም፤ ሞተር ላይ ግን አይሆንም። ጋቢና ረጅም ሻርፕም እንደዚሁ፦ የሚውለበለበው ጫፍ ካቴና (የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ሰንሰለት) ወይም የኋላ ጎማ ውስጥ ከገባ ነጂውን ይዞ ይጥላል። ለአንገት በጭንቅላት የሚጠለቅ የተሰፋ ሹራብ ይበቃል።

ጓንቱ ጣት ሲታጠፍ የማያጠብቅ ይሁን፣ የጠበበ ጓንት ራሱ ደም ያግዳል። መሪው ላይ የንፋስ መከላከያ ማሰር ከሁለተኛ ጓንት ይበልጣል፤ ከቢጫ ጀሪካን ተቆርጦ የተሠራም ያገለግላል። ብቻ መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ፍሬኑንና ሽቦዎቹን እንዳይነካ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል።

ሞተሩም ይበርደዋል። ብዙዎች የሚዘሉት የፍሪሲዮኑን ነገር ነው። ሌሊት የወፈረው ዘይት በፍሪሲዮኑ ውስጥ ያሉትን ዲስኮች እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፤ አንደኛ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ወይ ወደ ፊት ይፈናጠራል ወይ ይጠፋል። ከማስነሳት በፊት አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን እንደጨበጡ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋት ነው። መጀመሪያ ይከብዳል፤ በድንገት ቀለል ሲል ዲስኮቹ ተላቀዋል።

ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ዕቃ) ያለው ሞተር ጠዋት ቾክ ይፈልጋል፣ ማለት አየሩን ቀንሶ ቤንዚኑን የሚያበዛውን፤ ቤንዚን በብርድ በደንብ አይተንም። ቾኩ ይሳብ፣ ነዳጅ ሳይሰጥ ይነሳ፣ ድምፁ እየረጋ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይመለስ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ድብልቁ ድሮውንም ቤንዚን ይበዛበታል፤ ቾክ ሳይመልስ የሚነዳ ሰው ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ በጥላሸት ጠቁሮ መንገድ ላይ ይቀራል። ባትሪም በብርድ ይደክማል። ሙሉ ሲሆን ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ ነው፤ 12.2 ካሳየ ግማሹ አልቋል፣ ሞተሩን በእግር መትቶ ማስነሳት ይሻላል።

የጎማ ንፋስ ከመነሳት በፊት ይለካ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ከ1 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) በላይ ይቀንሳል። ቀዝቃዛ ጎማ አስፋልቱን በደንብ ስለማይዝ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ኩርባ ላይ ማዘንበልና ፍሬን በድንገት መያዝ ደግ አይደለም። ድልድይ ከሥርም ከላይም ስለሚቀዘቅዝ ጤዛውና ውርጩ እዚያ ይቆያል። ከተቻለ ፀሐይ ወጥታ ሁለት ሰዓት ከሆነ በኋላ መነሳት ነው።

ሰውነት መንቀጥቀጥ ከጀመረ መቆም አለ። የደነዘዘ እጅ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ላይ አይሞቅም፤ ቆዳው መቃጠሉ የሚሰማው ቆይቶ ነው። ብብት ውስጥ ይግባ። አረቄ የቆዳን ደም ሥር ስለሚከፍት ሙቀት ያስወጣል፣ ፍርድንም ያዛባል፤ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ይሻላል። ሰውየው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡ ካቆመና ምላሱ ከተሳሰረ ግን የሻይ ጉዳይ አይደለም፣ ቶሎ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። እንደገና ለመነሳት አውራ ጣትን ከትንሿ ጣት ጋር ማገናኘት መቻል አለበት። ካልተገናኙ ሌላ ሻይ ይታዘዝ።